ቋ የሚለው ዳሌዬ

«ቋ!»

ዛሬ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሰግጄ ስነሳ ዳሌዬ እንዲህ ብሎ ጮኸ። ከጎኔ የነበሩት እናት ደንግጠው አማተቡ።

ሁለት ወር ሙሉ «አጥንቴ ወልቋል» ብዬ ስፈራ ከርሜያለሁ። ቅዳሜ ደግሞ የእህቴ ሠርግ ነው። ሳልጨፍር ልቀር!

ከቤተ ክርስቲያን ወጥቼ እዚሁ መሐል ሜዳ ከተማ ወዳለችው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሄድኩ። መረመረችኝና ሳቀች።

«ምንም የወለቀ ነገር የለም። ጅማቱ ከርሮ አጥንቱ ላይ ሲንሸራተት ነው የሚጮኸው። ካላመመሽ አያሳስብም፤ ካመመሽ ተመለሽ። ጠዋት ጠዋት እግርሽን ቀስ ብለሽ አፍታቺ። ደግሞ ሆን ብለሽ አታስጩኺው።»

(እኔ ለጎረቤት ሁሉ ሳሰማ ነው የከረምኩት።)

በደስታ ወደ አጎቴ ሮጥኩ። አጎቴ የሰፈራችን ወጌሻ ናቸው፤ ዳሌዬን ሊያሹልኝ ቅቤ አዘጋጅተው እየጠበቁኝ ነበር። የተባልኩትን ሁሉ ነገርኳቸው። ሰምተውኝ ሲጨርሱ ከተቀመጡበት ዱካ ተነሱ።

«ቋ!»

«ሠላሳ ዓመቱ ነው» አሉኝ በሹክሹክታ። «ዳሌው የሚጮህ ወጌሻ ማን ያምናል ብዬ ደበቅሁት። ለማንም እንዳትነግሪ!»

ደግነቱ ፌስቡክ የላቸውም። ቅዳሜ አብረን እንጨፍራለን።

እናንተስ ቤት ዳሌው እየጮኸ የሚደብቀው ማን ነው?