የጸሎት ርእስ የሆነው እጅ

ያ ልጅ የነገረኝን ዛሬም አልጽፍም። የምጽፈው ያለ እኔ የወጣውን፣ ነቀምቴ ገበያ ውስጥ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ሳትቀር የምታውቀውን ብቻ ነው። ከዚያ ያለፈ የሚጠብቅ አንባቢ ካለ እዚሁ ይለየኝ።

ሐኪም ነበርኩ፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ዲጋና ነቀምቴ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ የወለጋ መንገድ ሰው ሲያስፈራ፣ በየወረዳው ብቻቸውን የቀሩ ወጣት ሐኪሞችን በስልክ የምናዳምጥ አንጋፋ ሐኪሞች ተሰባሰብን። የአቻ ድጋፍ ተባለ። እያንዳንዳችን አንድ ወጣት ይደርሰናል፤ በሳምንት አንድ ቀን እንደውላለን፣ እናዳምጣለን። ሕጉ አጭር ነበር። አይጻፍም፤ ለአለቃ አይነገርም፤ ለባል ለሚስትም አይነገርም።

ይህን ሕግ ያወጣው ሰብሳቢያችን ነው። ስሙን አልጠራም፤ እሱ ራሱን ያውቃል። እኔ ግን እሱን ከሕጉ በፊት ነበር የማውቀው። ወጣት ሳለሁ ዲጋ ላይ ብቻዬን ሠርቼ ሠርቼ አንድ ሰሞን እህል አልወርድ ብሎኝ ነበር። ለእሱ ነገርኩት። በርኅራኄ ሰማኝ። ዓመታት አልፈው ለኃላፊነት ስታጭ ከኮሚቴው አንዱ ስለ እኔ «ልቧ ስስ ነው ይባላል» አለ። ያን ከእሱ በቀር ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር። ሹመቱን ማን እንደወሰደው መናገር አያስፈልገኝም።

የደረሰኝ ወጣት፣ ያ ልጅ፣ ጊዳ አያና በኩል ባለ ሆስፒታል ነበር። አብሮት ይሠራ የነበረው ሐኪም ግርግሩ ሲብስ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ በዚያ ሁሉ አገር ምጥ የጠናባትን ሴት ቀዶ የሚያዋልድ እሱ ብቻ ቀረ። ሐሙስ ሐሙስ፣ ኔትወርክ ሲኖር፣ እደውልለታለሁ። እንደ አገሩ ወግ፣ በአክብሮት «አዴ» ብሎ፣ በኦሮምኛ ሰላምታውን ያደርሳል፤ ስለ ሰው ጤና፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ጉልበቴ ይጠይቃል። ከዚያ ዝም ይላል። ሳምንቱ እንዴት እንደነበረ ከዝምታው ርዝመት አውቅ ነበር።

ገበያው የሚያውቀው ይህን ነው፦ አንዲት እናት በእጁ ላይ አለፈች፤ ከዚያ በኋላ ቢላ ሲይዝ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

እኔ የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር። እጁ እስኪመለስ ከቢላ አርፎ ነቀምቴ ይምጣ፣ ሌላ ሐኪም አጠገብ ይሥራ፣ በእሱ ቦታ ሌላ ይሂድ። የሐኪሞች ምደባ ላይ ቃሉ የሚሰማው ደግሞ ያው ሰብሳቢያችን ነበር። የሰውየውን ጠባይ ለልጁ አልደበቅሁትም፤ ዲጋ ላይ የሆነብኝን ነገርኩት።

«አዴ፣ ሌላ በር ካለ ያሳዩኝ» አለ። «ከሌለ ለእሱ ብቻ ይንገሩልኝ።»

ሌላ በር አልነበረም። ሰብሳቢው ቢሮ ድረስ ሄጄ ነገርኩት። ዓይኑ እንባ አቀረረ። እንባው የውሸት ነበር ብል እወዳለሁ፤ አልነበረም፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ዝውውሩን እንደሚያስፈጽም ቃል ገባልኝ። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጁ ይጸልያል ወይ አለኝ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ። እኔም የዚያው ጉባኤ ልጅ ነኝ፤ ጣሪያውን ቆርቆሮ ካለበሱት አንዱ አባቴ ነው። ጸሎት ሲጸለይ ከሰው እኩል ነው የምንበረከከው፤ ጸሎትን አልነቅፍም። ከስብከቱ በኋላ እንደ ወትሮው የጸሎት ርእስ ተጠየቀ። አንዱ ስለ ታመመች እናቱ፣ ሌላዋ ፈተና ስላለባት ልጇ ተናገሩ። ከዚያ ሰብሳቢያችን፣ የጉባኤው ሽማግሌም ነውና፣ ከሽማግሌዎቹ ወንበር ተነሣ።

«ወደ ሰሜን አንድ ወጣት ሐኪም አለ» አለ በኦሮምኛ። «ስም አልጠራም። ቢላ ሲይዝ እጁ ይንቀጠቀጣል። በጸሎት እናስበው።»

ጉባኤው ዓይኑን ጨፈነ። እኔ አልጨፈንኩም። ስለዚህ ከፊቴ የተቀመጠች ሴት ዓይኗን ስትገልጥና ወደ ጎረቤቷ ዘንበል ስትል አየሁ። ሴት ልጇ ጊዳ አያና ተድራ ነበር የምትኖረው፤ ልጅቷ ነፍሰ ጡር እንደነበረች ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ የባጃጅ ሾፌር ሳይቀር ስለዚያ ሐኪም ጠየቀኝ። አያና ውስጥ ሰው የልጁን ፊት ማየት ትቶ እጁን ማየት ጀመረ፤ መድኃኒት ሲያዝ፣ ሻይ ሲያነሣ። ከዚያ በኋላ የሆነውን የነገረችኝ እሱ ሳይሆን እዚያ የምትሠራ አዋላጅ ናት። ምጥ የጠናባትን ሴት ይዘው የመጡ ዘመዶች በሩ ላይ አስቆሙትና እጅህን ዘርጋ አሉት። ዘረጋ። ቆመው አዩት። ከዚያ ሴትየዋን መልሰው መኪና ላይ ጫኑና በዚያ በሚያስፈራ መንገድ ወደ ነቀምቴ ይዘዋት ሄዱ። ደርሳ እንደሆነ ነቀምቴ ሆስፒታል ጠየቅሁ። ከዚያ በኩል የመጣች የለችም አሉኝ።

ሰብሳቢው ቢሮ ተመለስኩ።

«እህቴ፣ ስም ጠርቻለሁ?»

«እዚያ ያለው ሐኪም አንድ ነው።»

«እኔ የነገርኩት ለጌታ ነው።»

«ጌታማ ያውቅ ነበር» አልኩት። «ያላወቁት ከፊትዎ የተቀመጡት ናቸው።»

ድሮም ቂመኛ ነሽ አለኝ። ልክ ነው።

ከዚያ ወዲያ ሐሙሶቹ ተለወጡ። ልጁ ሰላምታውን ያደርሳል፣ እሱም እጁም ደህና እንደሆኑ ይነግረኛል፣ ስለ ጉልበቴ ይጠይቀኛል። በመሀል ዝምታ የሚባል ነገር ጠፋ። እጁ ይንቀጠቀጣል ከተባለበት ቀን ይልቅ ይህ አስፈራኝ። ደጋግሜ ልቆፍረው ሞከርኩ፤ እንደ ተወለወለ ድንጋይ የሚያዝ ነገር አልነበረውም።

አንድ ቀን ሰብሳቢው በደስታ ደወለልኝ። ልጁ ድኗል፤ ራሱ ነግሮታል፤ በሚመጣው እሑድ ጉባኤው ፊት ምስክርነት ይሰጣል። ስለ ዝውውሩ ጠየቅሁት።

«የዳነ ሰው ለምን ይዛወራል?» አለኝ። «ያም ሕዝብ እኮ ሐኪም ያስፈልገዋል።»

ሐሙስን አልጠበቅሁም። ለልጁ ደውዬ ጉባኤው ፊት እንዳይቆም ለመንኩት። ከቆመም የተሰማውን ያህል እንዲናገር፣ ያልሆነውን ሆነ እንዳይል ነገርኩት። ከስንት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ።

«አዴ፣ ይህ ሁሉ ሰው እየጸለየልኝ እንዴት አልዳንኩም ልበል?»



እሑድ መጣ። ከስቷል፤ የኮቱ ትከሻ ወርዶበታል። የፊተኛው ወንበር ላይ ከሰብሳቢው ጎን አስቀመጡት። ተራው ሲደርስ ወጣና ማይክራፎኑን ሰጡት። ብዙ አልተናገረም። ደክሞ እንደነበር፣ እንደተጸለየለት፣ እጁ እንደተመለሰለት ተናገረ። እልልታው ጣሪያውን አናጋ። ሰብሳቢው መሐረብ አውጥቶ ዓይኑን ጠረገ። ከፊቴ ያለችው ሴት ጎረቤቷን አቀፈች። ከዚያ ለምስጋና ሁሉም ዓይኑን ጨፈነ።

እኔ አልጨፈንኩም። ልጁ ማይክራፎኑን የያዘው በሁለት እጁ ነበር፤ ክርኖቹን ከጎድኑ ጋር አጣብቆ፣ ጣቶቹ እስኪነጡ ጨምቆ። ማይክራፎኑን እንዲመልስ ሲጠይቁት እንኳ አንዱን እጅ ከሌላው ለማላቀቅ ጊዜ ወሰደበት። ቀና ሲል ዓይናችን ተገናኘ። ወዲያው ጎንበስ አለ።

ሰኞ ጠዋት ወደ ሰሜን በሚሄደው ሚኒባስ ተመለሰ። እዚያ ቢላ የሚይዝ ሌላ ሰው አልነበረም።