የመምህሩ የኪስ ጠመኔ

ክኒኗ የሚሏት በቁመቷ ማነስ ነው እንጂ በሙያዋ አይደለም። ሙያው ገና አልመጣም ነበር። ሃያ ዓመት የመድኃኒት ቤት መደርደሪያ ስትወለውል ኖራ፣ በአርባ ስምንት ዓመቷ ልጆቿ ሊሆኑ ከሚችሉ ተማሪዎች ጋር የፋርማሲ ትምህርት ገባች። የቃል ፈተናውን ሁለቴ ወደቀች። ሁለቴም የጣላት ያው የቃር መድኃኒት ነው፤ ሦስቱ ዓይነቶች አፏ ላይ ሲደርሱ ይደበላለቁባታል። አሁን የቀራት አንድ ዕድል ነው። ከወደቀች ወደ መወልወያዋ!

የሚያስጠናት ባሏ መምህሩ ነው። ማርከር ያቀለመውን ሰማያዊ ጣቱን ቀስሮ ያፋጥጣታል።

"አንታሲድ ምን ያደርጋል?"

"ጨጓራ ውስጥ ያለውን አሲድ ያከሽፋል። ቶሎ ያስታግሳል፣ ቶሎ ያልቃል።"

"ሲሜቲዲንስ?"

"አሲድ አምጡ የሚለውን ትእዛዝ ያፍናል።"

"ኦሜፕራዞል?"

"እ... እሱ ደግሞ... ትእዛዙን..."

"አሲድ የሚረጨውን ፓምፕ ነው የሚዘጋው፣ አንቺ ሴትዮ! ከቁርስ በፊት ግማሽ ሰዓት!"

የሒሳብ መምህር ይህን ሁሉ ከየት አወቀው ብላ መጠየቅ እንኳ አልመጣላትም። እሷ የምትቆጣው ሱሪውን ስታጥብ ነው።

"ኪስህን አራግፍ ብዬ ስንቴ ልለምንህ? የጠመኔ ዱቄት ማጠብ ሰለቸኝ!"

እሱ ዳቦውን በውሃ እየገፋ ይውጥና "የዘንድሮ ዳቦ ይደርቃል" ይላል።

የፈተናው ዕለት ጃንጥላዋን ይዞላት ከፈተናው ክፍል በር ላይ ቆመ። ፈታኙ ሐኪም መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ጠየቃት፦

"አንድ የሃምሳ ዓመት ሰው፣ ለማንም ሳይናገር የሚታኘክ አንታሲድ እንደ ከረሜላ መብላት ከጀመረ ሦስት ዓመቱ ነው። ምን ያደርጉለታል?"

ሦስቱም ዓይነቶች ሳይጋፉ፣ በየተራቸው ከአፏ ወጡ። ራሷንም ገረማት።

"ግን ከመስጠቴ በፊት እጠይቀዋለሁ" አለች ደረቷን ነፍታ። "ሲውጥ ምግብ ይይዘው እንደሆነ፣ ከስቶ እንደሆነ። ከሆነ ከእኔ መድኃኒት የለም፣ ቀጥታ ወደ ሐኪም ነው። ዳቦውን በውሃ እየገፋ የሚውጥ ከሆነማ..."

የባሏ ኪስ ውስጥ ያለው ነጭ ዱቄት ትዝ አላት። እሱ የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ጠመኔ ትቶ ማርከር ከገዛ ሦስት ዓመቱ ነው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ የበሳችለት ራሷ ናት።

"አልፈዋል" አለ ፈታኙ። "ቀጣዩን ይጥሩልኝ።"

ክኒኗ ደስታዋን እንኳ ሳታጣጥም በሩን ከፈተችና መምህሩን በእጅጌው ጎትታ አስገባችው።

"ዶክተር፣ ቀጣዩ ትንሽ ይታገሥ። ያሉት ሰውዬ ይኸውልዎት።" ወደ ባሏ ዞረች፤ እንባዋ መጥቷል። "ኪስህን አራግፍ።"