ለፍልሰታ የተዘጋው መጽሐፍ

ጎንደር ላይ ክረምት ሲገባ ሰው ሁሉ ያማርራል። ጭቃው፣ በረዶው፣ የመብራቱ ነገር፣ የቀሃ ወንዝ ሞልቶ መንገድ መዝጋቱ! የአዲስ ዓለም ሰፈሯ ፈህሚያ ግን ሐምሌን እንደ ዘመድ ነበር የምትጠብቀው። ሰው "ኧረ በዛ ዝናቡ!" ሲል ከሰማች "ይዝነብ እንጂ፣ ምነው? ስኳር ነህ እንዴ የምትሟሟ?" ብላ ትስቃለች።

ፈህሚያ ዓመቱን ሙሉ በወንድሟ በሷሊሕ ጨርቅ መደብር ውስጥ ሜትር ስትዘረጋ ነው የምትውለው። አባቷ ሲሞቱ ስድስተኛ ክፍል ነበረች። "ሱቁን ማን ይጠብቅ?" ተባለ፤ እሷ ትጠብቅ ተባለ፤ ትምህርቱ እዚያ ላይ ቀረ። ኋላም አገባች፤ አልሆነላትም፤ ተመልሳ እዚያው ባንኮኒ ጀርባ ቆመች። ክረምት ሲመጣ ግን ገበሬው እርሻ ላይ ነው፣ ሠርግ የለም፣ ጨርቅ የሚጠይቅ ሰው ይጠፋል። ያን ጊዜ ሷሊሕ ያዛጋና "ሂጂ እባክሽ፣ ለዝንቡ እኔ አንሼ ነው?" ይላታል። ከዙህር ሶላት በኋላ ያለው ሰዓት የሷና የሷ ብቻ ይሆናል። በዓመት ውስጥ የራሴ የምትለው ጊዜ ይኸው ነበር፤ እሱንም ብቻዋን አልበላችውም፤ ከአምሳል ጋር ተካፈለችው።

አምሳል የመሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ልጅ ናት። አጥር ለአጥር ያደጉ፣ አንዷ ስትመታ ሌላዋ የምታለቅስ ዓይነት ልጆች ነበሩ። አምሳል ተምራ አስተማሪ ሆነች፤ ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ እሷም ታርፋለች። እናም ሁለቱ በፈህሚያ በረንዳ ላይ፣ ቆርቆሮው እየተንጫጫ፣ አንዷ ታነባለች፤ ሌላዋ እጇን ታሠራለች።

የእጅ ሥራቸው ደግሞ ያስቃል። አንዲት ሳንቲም አያወጡበትም። ከሰልባጅ ተራ ማንም የማይለብሰውን የተቀዳደደ ሹራብ ይለቅማሉ፤ ይተረትሩታል፤ ክሩን አጥበው በወንበር ጀርባ ላይ ይወጥሩታል፤ ሲደርቅ ይጠቀልሉትና የአልጋ ልብስ ይሠሩበታል። ኪሮሹ እንኳ የተገዛ አልነበረም፤ ፈህሚያ ከተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ አውጥታ፣ ድንጋይ ላይ ፈግፍጋ፣ ጫፉን ቆልምማ የሠራችው ነው። የሷሊሕ ልብስ ሰፊ የሚጥለው ቁርጥራጭ የትራስ ሆድ ይሞላል። አንድ ክረምት ካለቀ በኋላ የሁለቱም ቤት በማንም አሮጌ ሹራብ ያሸበርቃል።

መጀመሪያ አንባቢዋ አምሳል ነበረች፤ አስተማሪ አይደለች? አንድ ቀን ግን "የጠመኔው ብናኝ ዐይኔን አቃጥሎኛል፤ ዛሬ አንቺ አንብቢ" አለቻት። ፈህሚያ ላብ በላብ ሆነች። ፊደሉን የቆጠረችው ቁርአን ቤት ከቀራችበት ዜማ ጋር ተቀላቅሎባት ነውና፣ ስታነብ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ትወዛወዛለች፤ የዓረፍተ ነገሩን መጨረሻ ትጎትተዋለች፤ ረጅም ቃል ሲገጥማት ደግሞ ቆራርሳ ነው የምታወጣው። አምሳል ግን አልሳቀችም። "እኔስ አባቴ ጋ ሀሁን በዜማ አይደል የቆጠርኩ? ቀጥይ" አለቻት። ፈህሚያ ያቺን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳቻትም። ከዚያ ወዲህ አንባቢዋ እሷ ሆነች፤ በየክረምቱም ንባቧ እየተፍታታ ሄደ። ሱቅ ውስጥ የሷሊሕ እህት ነች፤ ሰፈር ውስጥ ፈት ነች፤ በረንዳው ላይ ግን አንባቢ ነበረች። ይህ ለሰው ምንም ላይመስል ይችላል፤ ለሷ ግን ጌጧ ነበር።

ሕግም ነበራቸው። መጽሐፉን አንዷ ያለ ሌላዋ አትከፍትም። ነሐሴ አንድ ቀን ፍልሰታ ሲገባ፣ አምሳል ከሰዓቱን ቅዳሴ ስለምታስቀድስ፣ መጽሐፉ ፈህሚያ ዘንድ ተዘግቶ ይቀመጣል። ጾሙ እስኪፈታ አይነካም። እስላሟ ፈህሚያ የክርስቲያኗን ፍልሰታ በመጽሐፍ ትጾማለች ማለት ነው። ሰፈሩም ይህን ያውቅ ነበርና "ፈህሚያ፣ ፍልሰታ እንዴት ይዞሻል?" እያለ ይቀልድባታል።

በሁለት ሺህ ሦስት ዓመተ ምሕረት ክረምት ረመዳንና ፍልሰታ ተገጣጠሙ። የዚያን ዓመት መጽሐፍ ፈህሚያ ፒያሳ ካለ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ያገኘችው ዳጎስ ያለ ልቦለድ ነው። የጭነት መኪና ሹፌር የሆነ እጮኛዋ ጠፍቶባት አገር ላገር የምትፈልገው ልጅ ታሪክ ነው። ሐምሌ ማለቂያ ላይ ገና መሃሉ ላይ ነበሩ፤ ልጅቱም ከአይከል ልትነሳ መኪና እየጠበቀች ነበር። "በይ እንግዲህ፣ ፍልሰታ ገባ" አለች አምሳል። ፈህሚያ መጽሐፉን በቁራጭ አቡጀዲ ጠቀለለችና ቁም ሣጥን ላይ ሰቀለችው።

ወይ ፈተና! እህልና ውሃው እስከ ማፍጠሪያ ድረስ ይቻላል፤ ይኼ ግን አልቻል አለ። ልጅቱ መኪና አገኘች ወይስ አላገኘች? አንድ ቀን ዝናቡ ሲያይልባት ወንበር ላይ ወጥታ አወረደችው፤ አቡጀዲውንም ፈታችው፤ አሸተተችው። "ያረቢ፣ አምሳልስ? እሷ ቆማ እያስቀደሰች እኔ እዚህ ልስረቅ?" አለች። መልሳ ጠቀለለችው። ወላሂ አንድ ገጽ አላየችም።

ጾሙ ተፈታ። አምሳል መጣች፤ ኪሮሿን አነሳች፤ ፈህሚያም ጉሮሮዋ በረመዳን ደርቆ ማንበቧን ቀጠለች። አንድ ቦታ ላይ የመኪናው ረዳት፣ ሹፌሩን የምትፈልገው ልጅ እሷ መሆኗን ሳያውቅ፣ ስለ ራሷ ያወራታል፤ የሚያስቀው ነገር ያለው ከገጹ ግርጌ ነው። አምሳል ከገጹ አናት ላይ ፈገግ አለች። ፈህሚያ "ምን አሳቀሽ?" አለቻት። "ኧረ ምንም፣ አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ ነው" አለች። በማግስቱ ደግሞ የሹፌሩ እናት የምትሞትበት ቦታ ደረሱ። ልጅቱ ገና ግቢው በር ላይ ናት፤ ሞት የሚል ቃል አልተነሳም። የአምሳል እጅ ግን ቆመ። ኪሮሹ ክሩ ውስጥ እንደገባ ቀጥ አለ። ፈህሚያ ገጹን ስትገልጥ ሬሳው ነበር።

ፈህሚያ ለረጅም ዓመታት ያቺን እጅ አይታታለች። የአምሳል እጅ የሚቆመው ነገሩ ከመጣ በኋላ እንጂ ከመምጣቱ በፊት አልነበረም። ጠረጠረች፤ ግን "የሰው ክፉ አታስቢ፣ በጾም አፍሽ!" ብላ ራሷን ተቆጣች።

በሦስተኛው ቀን ለእንቁጣጣሽ ለልጇ ቀሚስ የሚሆን ጨርቅ ልትገዛ አንዲት ሴት ሱቅ ገባች። ወርቅውሃ ትባላለች፤ ከአምሳል ጋር አንድ ትምህርት ቤት የምታስተምር ናት። ፈህሚያ አይታት አታውቅም። ወርቅውሃ ግን ጨርቁን ትታ እሷን ታይ ጀመር።

"ፈህሚያ ማለት አንቺ ነሽ? የአምሳል አንባቢ?"

ፈህሚያ ደስ አላት። "አዎ፣ እኔ ነኝ" አለች።

"እኔን! ስንቴ ሰማን ስላንቺ! በፍልሰታ ከቅዳሴ ስንመለስ እኔ ቤት ነበር እህል የምንቀምሰው፤ ሦስታችን አስተማሪዎች። ያ የሹፌሩ መጽሐፍ ለካ እኔም ጋ ነበር፤ አምሳል አይታ 'ኧረ ወዲህ በይው!' አለች። በሳምንት ጨረስነው። መተማ ላይ በሕይወት ስታገኘው እንዴት አለቀስን መሰለሽ!" ወርቅውሃ ክፋት አልነበረባትም፤ አፏ ብቻ ነው ልጓም የሌለው። "ደግሞ አምሳል አንቺን ሆና ስታነብ ብታይ! እየተወዛወዘች፣ 'ሹ-ፌ-ሩ-ምምም' እያለች! በማርያም፣ ሆዳችንን ይዘን ነው የሳቅነው። 'ቢሆንም እንድታነብ አደፋፍራታለሁ፤ ምስኪን ናት፤ ሌላ ምን አላት' ትለናለች። ደግ ሰው እኮ ናት አምሳል!"

ጉድ በል ጎንደር! ፈህሚያ ክው አለች። ሜትሩ ከእጇ አልወደቀም፤ ጨርቁን ለካች፣ ቆረጠች፣ አጣጥፋ ሰጠች። "ልጅሽ በደስታ ትልበሰው" ማለትም አልቀረባት። ሴትዮዋ ስትወጣ ግን ጥቅል ጨርቅ ላይ ተቀመጠች። ሷሊሕ "ምን ሆንሽ? አመድ መሰልሽ እኮ" አላት። "ጾሙ ነው" አለችው።

ጾሙ አልነበረም። ምን አለበት የሚል አይጠፋም፤ መጽሐፍ ቀድሞ ማንበብ ነፍስ ማጥፋት አይደለም። ፈህሚያም እሱ ብቻ ቢሆን ተቆጥታ፣ ተሳድባ፣ ትተወው ነበር። ያንገበገባት ሌላው ነው። ያን ሁሉ ክረምት ጓደኛ ነኝ ስትል ለካ ተማሪ ኖራለች፤ እሱም ይሁን፤ ለካ ምጽዋት ተቀባይ ኖራለች። ያንን ዜማ ደግሞ ሌላ ሰው ቢስቅበት አይገርምም፤ በዜማ ሀሁ የቆጠረችው የመሪጌታው ልጅ ግን! ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ማለት ይኸው ነው።

ያን ቀን አለማንበብ ትችል ነበር። አሞኛል ብትል ማን ያውቃል? ግን አንድ ነገር ልቧ ውስጥ አልሞት አለ። "ትነግረኝ ይሆናል" አለች። "ዕድል ብሰጣት፣ ራሷ ትነግረኝ ይሆናል።" ይህን አስባ ወደ ቤት ሄደች፤ መጽሐፉን አወረደች፤ በረንዳው ላይ ተቀመጠች።

አምሳል ዝናቡን እያራገፈች መጣች። "ዛሬ እንኳ ብርዱ አይጣል ነው። የት ደረስን?" አለች።

"መተማ ልትገባ ነው" አለች ፈህሚያ። መጽሐፉን ከፈተችና አነበበች። አንድ ገጽ የመጽሐፉን አነበበች፤ ሁለተኛው ላይ ዐይኗን ከፊደሉ ሳትነቅል ከሆዷ ማውጣት ጀመረች።

"ልጅቱ መተማ ደርሳ የሹፌሩን ስም ጠራች። አንድ ሽማግሌ ወጡና፣ 'ልጄ፣ ዘገየሽ፤ ትናንት ቀበርነው' አሏት።"

አልተወዛወዘችም፤ ቃል አልቆረሰችም፤ የሚቆጠር ፊደል የለማ። የአምሳል ኪሮሽ ቆመ። ቀና ብላ የፈህሚያን ፊት አየች፤ ከዚያ መጽሐፉን አየች። ፈህሚያም በልቧ እየለመነች ጠበቀች። "እንዲህ አይልም እኮ" በይኝ፤ "እኔ እኮ አንብቤዋለሁ፣ ይቅር በይኝ" በይኝ።

"ውይ!" አለች አምሳል። "ሞተ? እኔ ልሙትልሽ፣ ምስኪን ልጅ!" ደረቷንም መታ መታ አደረገች።

ፈህሚያ እንባዋ መጣ፤ ዋጠችው። ከንዴቷ ጋር ንባቧ ፈጠነ። "ልጅቱ እያለቀሰች ወደ አገሯ ተመለሰች። አንዲት የልብ ጓደኛ ነበረቻት፤ ለሷ ልንገራት ብላ ሄደች። በሩ ጋ ስትደርስ ጓደኛዋ በሰዎች መሃል ቆማ የልጅቱን አነጋገር እያስመሰለች ታስቃቸው ነበር። 'ምስኪን ናት፣ ሌላ ምን አላት' ትላቸው ነበር።"

የአምሳል ፊት በርበሬ መሰለ። አወቀች፤ መታወቁንም አወቀች። ፈህሚያ መጽሐፉን ጭኗ ላይ አድርጋ ፊት ለፊት አየቻት፤ ለመነሳትና ለማቀፍ ራሷን አዘጋጅታ ነበር።

"ከዚያስ?" አለች አምሳል፣ ዐይኗን ከክሩ ሳታነሳ።

"ከዚያማ" አለች ፈህሚያ፤ "ልጅቱ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻት። አንዲት ቃል ብትናገር ይቅር ልትላት ነበር። አልተናገረችም።" መጽሐፉን ዘጋችው። "አለቀ።"

ያልተነበበው የመጽሐፉ ክፍል ወፍራም ሆኖ ለሁለቱም ይታይ ነበር። አምሳል ክሯን ጠቀለለች፤ ነጠላዋን አጣፋች፤ ጃንጥላዋን አነሳች።

"ሸጋ መጽሐፍ ነበር" አለች።

ዝናቡም እየዘነበ ወጣች። ፈህሚያ እስከ በር አልሸኘቻትም።