ቡሬን ሰማይ ላይ ለማቆም

ዓርብ ንጋት፣ ባሕር ዳር

ጎህ ሳይቀድ መናኸሪያ ደርሻለሁ። ጀርባዬ ላይ የካሜራ ቦርሳ፣ ብብቴ ሥር ደግሞ የተጠቀለለ ላስቲክ አለ። የነሐሴ ዝናብ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ አሁን ጋብ ብሏል። መንገዱ ሰላም መሆኑን ማታ ደውዬ አጣርቻለሁ። እርጥብ ጫማ የሚሸት ሚኒባስ ውስጥ ከሹፌሩ ኋላ ተቀምጬ ብቻዬን ፈገግ እላለሁ።

እንጀራዬ ሰርግ ማንሳት ነው። ሙሽሮችን ዘንባባ ሥር አቁሜ «ትንሽ ጠጋ በይው» ስል እውላለሁ። ሐምሌ ላይ ግን አንድ የጋሪ ፈረስ ስቱዲዮዬ በር ላይ በተጠራቀመው ውሃ በኩል ሲያልፍ አየሁ። ውሃው ውስጥ ደመናው ተገልብጦ ስለነበር ፈረሱ ሰማይ የሚረግጥ መሰለኝ። ደንበኛዬን ከነሜካፕዋ ትቼ ወጥቼ ስመለከት ቆየሁ። በዚያው ሳምንት ሐሳቡ እያደገ ሄዶ ፈረሱ ኮርማ ሆነ፣ ኩሬው ደግሞ ማለቂያ የሌለው ሜዳ። ላይም ሰማይ፣ ታችም ሰማይ፣ መሐል አንድ የፎገራ ኮርማ።

የመጀመሪያዬ የፎቶ ዐውደ ርዕይ መስከረም ላይ ይከፈታል። የአዳራሹን ዋና ግድግዳ ገና ላልተነሳው ለዚህ ፎቶ ባዶውን ትቼዋለሁ። ጓደኞቼ አብደሻል ይሉኛል። ትናንት ወረታ የምታስተምረው ጓደኛዬ ትግስት ደወለችልኝ። «ኮርማ አግኝቼልሻለሁ። ግን ነገ ካልመጣሽ የለም፤ ቅዳሜ ቀትር ላይ ገዢው ይወስደዋል።»

ረፋድ፣ ሐሙሲት

ሚኒባሱ ሐሙሲት ላይ ቆሟል። ሴቶች የበቆሎ ጥብስ በመስኮት ያስገባሉ፤ ጢሱ፣ ጭቃው፣ የባጃጁ ጥሩምባ፣ ቅል ተሸክሞ የሚሮጥ ሰው። ሹፌሩ በቆሎውን እየጋጠ በመስታወቱ ያየኛል።

«ያ ቦርሳ ካሜራ ነው? ምን ልታነሺ ነው?»

«ኮርማ።»

«ባሕር ዳር ኮርማ ጠፍቶ ነው?»

«እኔ የምፈልገው ሰማይ ላይ የቆመውን ነው።»

ማላመጡን አቆመ። «እሱን እንኳ እኔም አይቼ አላውቅ» አለና ሞተሩን አስነሳ። ከኋላዬ ያሉት ሁሉ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ጉማራ ወንዝ ድልድዩን ሊነካ ጥቂት ቀርቶታል፤ ቡና በወተት መስሎ ይጋልባል። ድልድዩን እንዳለፍን ሜዳው ተዘረጋ። በግራም በቀኝም ሩዝ፣ በሩዙ መሐል ውሃ፣ በውሃው ውስጥ ደመና። ግንባሬን መስኮቱ ላይ ለጥፌ ወረታ ገባሁ።

ከሰዓት፣ ወረታና የፎገራ ሜዳ

ትግስት የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ባዮሎጂ ልታስተምር መጥታ እዚሁ ቀረች፤ አሁን ከመናኸሪያው እስከ ቤቷ ሰላም ሳትል የምታልፈው ሰው የለም። ነጭ የሩዝ እንጀራ በሽሮ አብልታኝ በባጃጅ ወደ ሜዳው ዳር ወሰደችኝ፤ ባጃጁ ጭቃው አልሄድ ሲለው የቀረውን በእግር ተጓዝን።

የኮርማው ባለቤት አያ ሞላ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ጠበቁን፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ነገር የማያበዙ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ ያምሮት ግን ገና ሳንደርስ ያወሩልን ጀመር። እና ከበረቱ ጎን ቡሬ። እንዴት ልንገራችሁ። ነጩ ላይ ጥቁሩ እንደ ካርታ የፈሰሰ፣ ሻኛው የተራራ ጫፍ የመሰለ፣ ዓይኑ የተኳለ ኮርማ ነው። ካሜራዬን ሳላወጣ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

«ለምን ይሸጣል?» አልኋቸው አያ ሞላን።

«ግጦሹ ሁሉ ሩዝ ሆነ፣ ልጄ። ሩዙ አብልቶናል፣ አልብሶናል፤ አላማርርም። ለዚህ ግን የሚሰማራበት አጣሁለት። ከይፋግ በላይ፣ ተራራው ጥግ፣ ሜዳ ያለው ሰው ለዘር ፈለገው። እዚያ ይሻለዋል።»

እትዬ ያምሮት የኮርማውን ጉሮሮ እያከኩ ወደ ሌላ ቦታ ያያሉ። «እናቱ የሞተችበት ገና እግሩ ሳይጠና ነው» አሉኝ በኋላ። «በጣሳ ወተት አጠጥቼ ነው ያሳደግሁት። ሰው የሚያህል ልብ አለው።»

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ቡሬን ይዘን ውሃ የተኛበት የግጦሽ ሜዳ ላይ ወረድን። ከሐይቁ በኩል የሚመጣው ነፋስ ውሃውን ያሸበሽበዋል። ሰማዩ ተቆራረጠ። ላስቲኬን አንጥፌ በሆዴ ተኛሁ፤ ሌንሱ ውሃውን ሊነካ ምንም አልቀረውም፤ ዝቅ ባልሁ ቁጥር ሜዳው ይሰፋል፣ ኮርማው ይገዝፋል። ሁሉም ነገር ሊሆን ሲል ቡሬ ጎንበስ ብሎ መስተዋቴን ይጠጣው ጀመር። አያ ሞላ ገመዱን ሲጎትቱ ማዕበል ይነሳል፣ ማዕበሉ ሲረጋ ቡሬ እንደገና ይጠማዋል። ትግስት ሳቋን መያዝ አቅቷት ጭቃው ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ዝናቡ መጣ፤ ካሜራውን ሹራቤ ውስጥ ከትቼ ሮጥን።

በእጄ ያለው ጥሩ የሚባል የኮርማ ፎቶ ነው። ሰማይ የለበትም። የቀረኝ አንድ ጧት ብቻ ነው።

ቅዳሜ ጧት፣ ውሃው ላይ

ጨለማው ሳይገፈፍ ወጣን። ሰማዩ ድፍን ነበር፤ እየሄድን ግን ወደ ጉና ተራራ በኩል አንድ ቀጭን ቢጫ መስመር ተከፈተ። ነፋስ የለም። ሜዳው ላይ ስንደርስ ቆምሁ፤ ከእግሬ በታች ሙሉ ሰማይ አለ። ትግስት ክንዴን ጨበጠችው።

ቡሬ ዛሬም ከአያ ሞላ ጋር እምቢ አለ። አንድ እርምጃ ሄዶ ይዞራል፣ ወደ ዳር ይመለሳል። እትዬ ያምሮት ከዳር ሆነው ሲያዩ ቆዩና ቦቲ ጫማቸውን አድርገው ገቡ። የአያ ሞላን አሮጌ ካፖርት ደርበዋል፤ እጃቸው ላይ ቀይ ጃንጥላ አለ። አንድ ጊዜ ጠሩት፤ ተከተላቸው። መሐል ሜዳው ላይ ቆሙ፤ እሱም ቆመ።

«አሁን እርስዎ ቀስ ብለው ይውጡልኝ፣ እትዬ» አልሁ በሆዴ ተኝቼ።

ወጡ። ቡሬም ተከትሏቸው ወጣ።

መልሰው አስገቡት፣ ቀስ ብለው ሸሹ፤ እሱም ቀስ ብሎ መጣ። በሦስተኛው አያ ሞላ ራሳቸው ሲስቁ ሰማሁ። ቢጫው መስመር ወደ ብርቱካን እየዞረ ነው፤ ፀሐይዋ ከደመናው በላይ ስትወጣ ይህ ብርሃን ያልቃል። አልቅት ቁርጭምጭሚቴን ይዛኛለች፤ ላላቅቃት ብነሳ ውሃው ይናወጣል፤ ተውኋት። ያኔ ነው በሌንሱ ውስጥ ያየሁት። ለወር ያህል በጭንቅላቴ ይዤው የዞርሁት ምስል ሰው አልነበረበትም። አሁን ግን ጥቁርና ነጩ ኮርማ አጠገብ አንዲት አጭር ሴት፣ የወንድ ካፖርት፣ ቀይ ጃንጥላ፤ ሁሉም እንደገና ከታች ተገልብጠው ደመና ውስጥ ቆመዋል።

«እትዬ፣ አይውጡ። እዚያው ይሁኑ።»

«በዚህ ልብሴ? ነጭ ቀሚስ አለኝ እኮ፣ ቤት።»

«ይሄው ይሻላል። ጉሮሮውን ይከኩለት።»

ማካፋት ሲጀምር ጃንጥላውን ዘረጉ፤ ለራሳቸው ሳይሆን ለቡሬ ራስ። እሱ ዓይኑን ከደን አደረገ። ውሃው ረጋ። በነጩ ቆዳ ላይ ብርሃኑ እንዳይበዛ አሳነስሁና ትንፋሼን ይዤ ተጫንሁ፤ ደገምሁ። ከዚያ ካፊያው ውሃውን ነጠብጣብ በነጠብጣብ አደረገው፤ ሰማዩም ጠፋ።

እንደ ጨቅላ እየዳኽሁ ወጣሁ። እትዬ ያምሮት በካሜራው ትንሽ ስክሪን ላይ ጎንበስ አሉ።

«ይቺ እኔ ነኝ?»

«እርስዎ ነዎት።»

«ታዲያ መሬቱ የታለ?»

«የለም፣ እትዬ።»

ሳቃቸው ሜዳውን አቋርጦ ሄደ። አያ ሞላም ሊያዩ መጡ፤ ስክሪኑ በካፊያ እንዳይረጥብ በባርኔጣቸው ጋረዱልን። አራታችንም በአንድ ባርኔጣ ሥር ተጠጋግተን ደጋግመን አየን፣ ደጋግመንም ሳቅን።

ቀትር ላይ የይፋጉ ሰው መጣ፤ የረጋ፣ ገመዱን ከመያዙ በፊት የቡሬን ግንባር የዳሰሰ ሰው ነው። እትዬ ያምሮት እስከ አስፋልቱ ሸኙት፤ ቡሬ ሁለት ጊዜ ዞሮ አያቸው። ሲመለሱ ጃንጥላውን አጥፈው እንደ ከዘራ ተመርኩዘውት ነበር። ትግስትና እኔ ግራና ቀኝ አብረናቸው ሄድን።

ቅዳሜ ምሽት፣ ባሕር ዳር

ከሚኒባሱ ወርጄ ከነጭቃዬ በቀጥታ ማተሚያ ቤት ሄድሁ። የማሽኑ ባለቤት ያዕቆብ የሰርግ ባነሮቼን ሁሉ የሚያትምልኝ ሰው ነው። ፎቶው ላይ ምንም አልጨመርሁም፤ ከጎን ትንሽ ቆርጬ ለቀቅሁት። ወረቀቱ እየተንፏቀቀ ሲወጣ ያዕቆብ ወገቡን ይዞ ቆመ፤ ሁለቱን ጫፎች ይዞ ግድግዳው ላይ ገለበጠው፣ እንደገና አዞረው።

«ላዩ የቱ ነው?» አለኝ።

እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁና ወረታ ደወልሁ። ስልኩን ያነሱት እትዬ ያምሮት ናቸው።

«ከበር ይተልቃል፣ እትዬ። አዳራሹ ሲከፈት መጥተው ያዩታል።»

«እግዜር ይስጥሽ። ቡሬም በሰላም ገብቷል፤ ሰውየው ደወለልን። ሣሩ እስከ ጉልበቱ ነው አለ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔስ አንድ አይደርሰኝም?»

«ይደርስዎታል እንጂ። ለሳሎን የሚሆን ላሳትምልዎት?»

«ለሳሎን አይደለም። በረቱ ባዶ ሆነብኝ። ጧት ጧት ሳላስበው ወደዚያ መሄዴ አይቀርም።»

ስልኩን ዘግቼ ወደ ያዕቆብ ዞርሁ። ሌላ አንድ እንዲያትምልኝ ነገርሁት፤ ዝናብ የማያበላሸው ላስቲክ ላይ፣ ኮርማው በቁመቱ ልክ እንዲሆን።

«ይሄን ያህል የሚበቃው ግድግዳ የማን ነው?» አለ።

«የኮርማው ነው» አልሁት።

አንድ ጊዜ አየኝና ትልቁን ጥቅል ከመደርደሪያው ሊያወርድ ሄደ።