የሞተ ሴንሰር የሸጥኩ ጊዜ

ሞያሌ፣ ማንያታ ሰፈር ውስጥ የመኪና መለዋወጫ ሱቄን የከፈትኩ ቀን የማውቀው የዕቃ ስምና ዋጋ ብቻ ነበር። ለነጋዴ ይበቃል። ያን ዕለት አንድ ሾፌር የፍሬን ሸራ ጠይቆኝ የፍሪሲዮን ሰጠሁት፤ ደስ ብሎት ሄደ። ከጎኔ ጋራዥ ያለው ጉዮ ሮጦ አስመለሰው። እዚህ መካኒኩን ፉንዲ ይሉታል። ፉንዲ ጉዮ ግን እኔን እስከ ዛሬ “አንተ ነጋዴ” ነው የሚለኝ፤ እንደ ስድብ አድርጎ።

ከዓመታት በኋላ ኮድ የምታነብ ትንሽ ማሽን ገዛሁ። መሪው ሥር ትሰካና የሞተሩን ችግር በቁጥር ትናገራለች። ሰዉ ዶክተር ይለኝ ጀመር። እኔም አልከለከልኩም።

ዳርሚ ከኦቦ መንደር የግመል ወተት እየሰበሰበች ሞያሌ ላሉ ሻይ ቤቶች የምታደርስ ሴት ናት። የመኪናዋ ሞተር ሲግል መንገድ ላይ መጥፋት አመጣ። ማሽኔን ሰካሁ፤ የካምሻፍት ሴንሰር አለች። ካምሻፍት ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ ነው። ሴንሰሩ ዘንጉ የት እንደደረሰ ለመኪናው ኮምፒውተር ያወራል፤ ወሬው ሲቋረጥ ሞተሩ ይደናገራል። ይህን ያወቅኩት ኋላ ነው። ያን ቀን የማውቀው ሴንሰሩ መደርደሪያዬ ላይ እንዳለ ነበር።

ቀየርኩላት፤ ኮዱን ሰረዝኩ፤ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው መብራት ጠፋ። መርቃኝ ሄደች።

በሦስተኛው ቀን በገመድ ተጎትታ መጣች። ወተቱ ለሻይ የማይሆን ሆኗል። ይሄኛው ኦርጅናል ነው ብዬ ሌላ ሸጥኩላት።

“የፊተኛውስ ምን ነበር?” አለችኝ።

ጥያቄዋ ልክ ስለነበር ብሩን መቁጠር ጀመርኩ።

ከሳምንት በኋላ ለሦስተኛ ጊዜ ቆመባት። ሻይ ቤቶቹ አንድ ቀን ደግመሽ ብታረፍጂ ከሌላ ሴት እንገዛለን ብለዋታል። ከዚያ ወተት ሌላ መተዳደሪያ የላትም። እኔ ወደ መደርደሪያዬ ማየት ስጀምር ጉዮ ከጋራዡ መጣ።

“መጀመሪያ ሞተ ብለህ የነቀልከውን አምጣው” አለኝ።

ሸጬዋለሁ አልኩት። ለማን አለኝ። ተመሳሳይ መኪና ላለው የኡራን መንደር ሰው።

“ሰውየውስ?”

“ትናንት ሲያልፍ ጥሩምባ ነፋልኝ።”

ጉዮ እጁን በጨርቅ ጠረገ። “ሬሳ ሸጠህለት እየጋለበበት ነው በለኛ።”

ዳርሚ አልሳቀችም።

ጉዮ ሞተሩ ተነስቶ እስኪግል ይቆይ አለ። ማሽኗ እኮ ተናግራለች፣ ምን ያስጠብቀናል ብዬ ተከራከርኩ።

“ማሽንህ ያለችው ወሬው ተቋረጠ ነው” አለኝ። “ማን እንዳቋረጠው መች ነገረችህ?”

ሞተሩ ሞቅ ሲል የሴንሰሩን ሶኬት ነቅሎ በቴስተር ለካ፤ ኤሌክትሪክ አለ። የሽቦውን ጥቅል በጣቱ ነካ ሲያደርገው ቁጥሩ ዜሮ ገባ። መለስ ሲያደርገው ተነሳ። ጥቅሉን ተከትሎ ሄደና በጎማ ከመነዳሪ ቁራጭ የታሰረ ቦታ ላይ ቆመ። በኦቦ መንገድ በከመነዳሪ የማይታሰር ነገር የለም፤ ባትሪው፣ ፓራውልቱ፣ ጄሪካኑ። አጥብቆ ያሰረ ጎበዝ ይባላል። ይሄም ጎበዝ የሴንሰሩን ሽቦ ወጥሮ አስሮታል። የሽቦው ላስቲክ ደህና ነው፤ ውስጡ ያለው መዳብ ተበጥሷል። ሲቀዘቅዝ ይገናኛል፣ ሲግል ይለያያል።

ያን ጊዜ ገባኝ። ሁለቱንም ጊዜ በዋጋ ስንከራከር ሞተሩ ይቀዘቅዝ ነበር። መኪናዋን ያዳነው ክርክራችን ነው፤ እኔ ያስከፈልኳት ግን ለሴንሰር።

ጉዮ ሽቦውን ቀጠለ፣ በየደ፣ ሸፈነ፣ ላላ አድርጎ አሰረው። እኔ አሁን ድኗል አልኳት።

“በፊትም ብለሃል” አለች። “ወንድሜ፣ ነገ ኦቦ አብረኸኝ ትሄዳለህ። ከቆመ ወተቱን አንተ ትሸከማለህ።”

ሄድኩ። እየሄድኩ ጆሮዬ ሞተሩ ላይ ነበር። እንዲህ ዓይነት ጸሎት ለሱቄም አድርጌ አላውቅም። አልቆመም። በሻይ ሰዓት ደረስን፤ ሻይ ቤቶቹ ተቀበሏት። ሱቅ ስንመለስ የገዛቻቸውን የሁለቱንም ሴንሰሮች ዋጋ መለስኩላት። ግድግዳዬ ላይ “የኤሌክትሪክ ዕቃ ተሸጦ አይመለስም” ብዬ ጽፌያለሁ፤ ዳርሚ ደግነቱ አማርኛ አታነብም።

የካምሻፍት ሴንሰር ኮድ ሲመጣ መጀመሪያ ሶኬቱንና ሽቦውን ለኩ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝም፣ ሲግልም ለኩ። ሴንሰር የሚገዛው ከዚያ በኋላ ነው።