የአባ ገስግስ ጠሪ

ኮምቦልቻ ውስጥ ዝናብ ካባራ በኋላ የጋሪ ፈረስ በአጠገቤ ሲያልፍ፣ ያ የላብና የርጥብ ቆዳ ሽታ ዛሬም ከመንገዴ ያቆመኛል። ሰው አፍንጫውን ይዞ ይሸሻል፤ እኔ ተገትሬ እቀራለሁ። ለምን እንደሆነ ልንገርህ፤ ብቻ አትፍረድብኝ። ወይም ፍረድብኝ፣ ይገባኛል።

ደሴ ውስጥ የድሮው የወሎ ፈረሰኛ ጦር እንዳይረሳ የሚደክሙ ሰዎች ነበሩ። ሌላ ጊዜ ሰኞ ገበያ ጨርቅ የሚሸጡ፣ ባጃጅ የሚነዱ፣ ደሴ ዙሪያ የሚያርሱ ናቸው። በዓመት አንድ ቀን ግን ለምድ ደርበው፣ ጋሻ አንግበው፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ሜዳ ላይ ይጋልቡ ነበር። የጥንት ፈረሰኛ የሚታወቀው በፈረሱ ስም ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ጋላቢ የአንድ ሟች ፈረሰኛን የፈረስ ስም ይዞ ይገባል፤ ከዘመዶቹ አንዱ ደግሞ ሜዳው ዳር ቆሞ ስሙን ይጠራለታል።

የአያቴ አባት የፈረስ ስም አባ ገስግስ ነበር። ያ ስም የኔ ነበር! የአያቴ የወንድ ልጁ ልጅ እኔ፣ አያቴ ዓይኑ ከጠፋ ጀምሮ እጁን ይዤ መስጊድ የማደርሰው እኔ። አያቴ ግን ስሙን ለአክስቴ ልጅ ሰጠው። እውነቱን ካወራን እኔ ፈረስ ላይ ስወጣ ኮርቻውን በሁለት እጄ አንቄ ዓይኔን እጨፍን ነበር። የአክስቴ ልጅ ገጠር ያደገ ነው፤ ልጓሙን በሁለት ጣት ይዞ ይስቃል። ያ ሳቁ ነበር የሚያንጨረጭረኝ።

«እሱ ይጋልብ፣ አንተ ጥራው» አለኝ አያቴ። «ዓይኔ እንደሁ አያይም። ስሙን ካንተ አፍ ስሰማ አየሁት ማለት ነው። ከዚህ ሌላ ዱንያ ላይ የምመኘው የለኝም።»

ቀኑ ደረሰ። ሜዳው ላይ የተረገጠ ሣር ይሸታል። አያቴ ክንዴን ይዞ ጆሮውን ወደ ኮቴው አዘንብሎ ቆመ። ስም ሲጠራ እልልታው ይቀልጣል፣ ሌላ ስም ይጠራል፣ እንደገና እልልታ። ከዚያ የአክስቴ ልጅ መጣ። ለምዱ ወደ ኋላ ተነስቶ፣ ፀሐዩ ጋሻው ላይ እያበራ። እንዴት ያምር ነበር፣ ምን አባቱ! አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ገጠምኩት። እኔ ያልጋለብኩበትን ስም ማንም አይሰማውም አልኩ በሆዴ። የፈረሱን የላብና የቆዳ ሽታ ከአቧራው ጋር ፊታችን ላይ በትኖ አለፈ።

«አልደረሰም እንዴ?» አለኝ አያቴ።

«አለፈ እኮ አባባ! ጠራሁት፤ አልሰሙኝም?»

«ጠራኸው?»

«አዎ።»

ክንዴ ላይ የነበሩት ጣቶቹ ላላ አሉ።

የአክስቴ ልጅ ላቡን እየጠረገ መጣ። «ምነው፣ ወላሂ ስሜ ሲጠራ አልሰማሁም!» አለኝ። መልስ ሳላዘጋጅ አያቴ ቀደመኝ። «ጠርቶሃል። አንተ በኮቴው ድምፅ ሳትሰማ ቀረህ፤ የኔ ጆሮ ደግሞ እንደ ዓይኔ ሄደ መሰለኝ።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ቤቱ ሁሉ ለአያቴ መጮህ ጀመረ። ይብሉ ሲሉት ጩኸት፣ ይነሱ ሲሉት ጩኸት። እኔም ጆሮው ላይ ተደፍቼ እጮህ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ምነው አላለም። ክረምቱ ሲገባ አልጋ ላይ ዋለ፤ እንደማይነሳ ሁላችንም አውቀነዋል።

አንድ ቀትር ላይ ያንቀላፋ መስሎኝ እጁን ይዤ በሹክሹክታ ነገርኩት። «አባባ፣ አልጠራሁትም ነበር። ቀንቼ ነው።»

«ምን አልክ?» አለ ዓይኑን እንደከደነ። «ጮክ በል እንጂ ልጄ፣ ጆሮዬ ሄዷል አላልኩም?»

መድገም አቃተኝ። ያኔ እናቴ ከመጋረጃው ወዲያ ለእህቴ ቀስ ብላ፣ «ስኳር አልቋል፣ ምን አድርጌ ለአባባ ሻይ ልስጣቸው» አለቻት።

«ያለ ስኳር እጠጣለሁ፣ አብሽሪ» አለ አያቴ። እጄን አለቀቀም።