በመስኮት የመረጥኩት ትምህርት ቤት

ልጄ ሰባት ዓመት ሲሞላት መልካ ወረር አጠገብ፣ በመንግሥት የጥጥ እርሻ ካምፕ ውስጥ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ነበረችን። እኔ የቦይ በር ከፋች ነበርኩ። ከአዋሽ ወንዝ የተጠለፈው ውሃ በትልቁ ቦይ ይመጣል፤ እኔ በሩን በእጄ እየጠመዘዝኩ ወደየማሳው እለቀዋለሁ። ሥራው ይኸው ነው። ሲሄድ የሚውል ውሃ ማየት ሰውን ያፈዛል። ብዙ ከቆምኩ ውሃው ረግቶ፣ እኔ ከነጥጡና ከነካምፑ ቀስ ብዬ ወደ ላይ የምሄድ ይመስለኝ ነበር። ሰዎች ቁጡ ነው ይሉኛል። ልክ ናቸው። እዚያ ቦይ ዳር ግን ቁጣዬም ይፈዝ ነበር።

ፊደል የቆጠርኩት ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖኝ ነው። ደርግ መሠረተ ትምህርት ብሎ አገሩን ሁሉ ሲያስተምር፣ እኛንም የጥጥ መዳመጫው ጥላ ሥር አስቀምጦ አስተማረን። ስለ ደርግ የምለው ብዙ ክፉ ነገር አለኝ፤ ይህን ግን አልክድም። ሰሌዳችን ጥቁር የተቀባ ኮምፔርሳቶ ነበር። ጠመኔ ስለማይገኝ አስተማሪው አንዴ የጻፈውን ሳምንቱን ሙሉ አያጠፋውም። እኛ ጎልማሶቹ ያን ጽሑፍ እንደ ንብረት ነበር የምናየው። አንዱ ትከሻውን አስደግፎ ሁለት መስመር ቢያጠፋብን ልንደበድበው ምንም አልቀረን። የተጻፈ ነገር አይነካም የሚል እምነት ያደረብኝ እዚያ ነው።

ሚስቴ እንደኔው የወሎ ሰው ናት፤ ፊደል አልቆጠረችም። ልጅቷ መማር አለባት በሚለው ተስማማን፤ የት ትማር በሚለው ተጣላን። ካምፑ ውስጥ ከደጃችን የማይርቅ ባለ ሁለት ክፍል ትምህርት ቤት ነበር፤ ግድግዳው ከወገብ በላይ የወንፊት ሽቦ ነው። አዋሽ ደግሞ የባቡር ከተማ ናት፤ ትምህርት ቤቷ ግንብ ነው፣ ግቢው ዛፍ አለው። ከአዋሽ እስከ እርሻው ሠራተኛ የሚያመላልስ የጭነት መኪና አለ፤ ሰርቪስ እንለዋለን። መንገዱ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ከተማ ገብተን ብንኖር በሱ ልመላለስ እችላለሁ አልኩ።

“ሁለቱንም ሄደህ እያቸዋ” አለችኝ ሚስቴ፤ “የተማርከው አንተ ነህ።”

መጀመሪያ የካምፑን ሄድኩ። በሽቦው አሻግሬ አየሁ። መምህሩ ከደጋ የመጣ ቀጭን ልጅ ነው፤ ሸሚዙ በላብ ከጀርባው ተጣብቋል። ሦስት ፊደል ይጽፋል፣ ልጆቹ ይጮኻሉ፣ በእጅጌው ያጠፋል። ደግሞ ይጽፋል፣ ደግሞ ያጠፋል። ወደ ሽቦው ተጠጋሁ።

“አንተ መምህር፣ የጻፍከውን ምነው ታጠፋዋለህ?” አልኩት።

“ካላጠፋሁት ሌላውን የት ልጻፈው?”

“የመንግሥት ጠመኔ ታባክናለህ።”

“ጋሼ፣ ይግቡና አብረው ይማሩ፤ ከኋላ ቦታ አለ” አለኝ። ልጆቹ ሳቁብኝ።

“የሚጽፈውን የሚያውቅ ሰው አያጠፋም” ብዬው ሄድኩ።

በሳምንቱ ፈቃድ ወስጄ አዋሽ ሄድኩ። ረፋድ ላይ ነበር፤ ባቡር ጣቢያው ላይ ይተነፍሳል፣ ሙቀቱ ሐዲዱን እንደ ውሃ ያንቀጠቅጠዋል። በግቢው ዛፎች ሥር አልፌ የአንደኛ ክፍልን መስኮት ተጠጋሁ። ሰሌዳው ከዳር እስከ ዳር ተጽፎበታል። መስመሩ እንደ ጥጥ ትልም የቀና ነው። ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተው ይገለብጣሉ፤ ዝንብ ሲበር ይሰማል። መምህሩ ወንበሩ ላይ የለም፤ ቢሮ ይሆናል አልኩ። ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ አነበብኩት። ውሃ በፀሐይ ሙቀት ይተናል ይላል። ተኖ ደመና ይሆናል፤ ደመናው ሲቀዘቅዝ ዝናብ ሆኖ ይወርዳል።

እዚያ መስኮት ላይ ስንት ሰዓት እንደቆምኩ አላውቅም። እኔ በር እየከፈትኩ የለቀቅኩት ውሃ ከጥጡ ቅጠል ላይ ተነሥቶ ሲሄድ፣ የአገሬ ተራራ ላይ ደመና ሆኖ ሲቆም፣ ወርዶ እንደገና ወደ እኔ ሲመጣ ታየኝ። እኔን ከወሎ ያስወጣኝ አልወርድ ያለ ዝናብ ነው። አሁን የት እንደቆየ የነገረኝ ሰው ያገኘሁ መሰለኝ። ልጄ እዚህ ነው የምትማረው አልኩ።

ማታ ለሚስቴ ነገርኳት።

“የልጆቹን ድምፅ ሰማህ?” አለችኝ።

“ጸጥ ብለው ነው የሚማሩት።”

“በሰባት ዓመቱ ጸጥ የሚል ልጅ የታመመ ልጅ ነው።”

“አንቺ ምን ታውቂያለሽ” አልኳት። እንዲህ ነበር የምናገራት። በማግስቱ የካምፑን ክፍል ቁልፍ መለስኩ። ከጥቂት ቀን በኋላ ሌላ ሰው ገባበት።

አዋሽ፣ ከጣቢያው በስተጀርባ አንድ ክፍል ተከራየን። ልጅቷ ተመዘገበች፤ እኔ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ሰርቪስ ላይ እወጣለሁ። ስለዚያ መንገድ ብዙ የማስታውሰው ሕልም ይሁን እውነት አልለየውም። መኪናው ክፍት ነው፤ በሽርጣችን ተጀቡነን፣ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈን እንቀመጣለን። በቀኝ በኩል የአላይደጌ ሜዳ ቀስ እያለ ይነጣል፤ ሳላዎች ቀንዳቸውን አቅንተው ጭጋጉ ውስጥ ቆመዋል፣ እግር የላቸውም። ዓይኔን ጨፍኜ ስገልጥ ሌላ ሳላዎች ናቸው፣ ወይም እነዚያው። በመግሪብ ሶላት ሰዓት ስመለስ ልጄ እራቷን በልታ ዓይኗ በእንቅልፍ እየተከደነ ትጠብቀኛለች።

ደብተሯን እየገለጥኩ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ። ውሃ በፀሐይ ሙቀት ይተናል። በሚቀጥለው ገጽም ያው ነው፤ ግን ፊደሉ ቀንቷል። ደስ አለኝ። ኅዳር ገባ፣ ጥጡ ፈነዳ፣ ሜዳው ነጣ፤ ደብተሩ ገና ይተናል።

አንድ እሑድ ቀን “እስቲ አንብቢልኝ” አልኳት። አነበበች፣ እንደ ወንዝ። በመዳፌ ገጹን ሸፈንኩት፤ እሷ አላቆመችም። ደመና የሚለውን ቃል ብቻ አሳየኋትና “ይህ ምንድን ነው?” አልኳት። ዓይኗን ጣራው ላይ ተክላ “ውሃ በፀሐይ ሙቀት” ብላ ከመጀመሪያው ጀመረች፤ ደመና ጋ ስትደርስ ቆማ “ደመና” አለችኝ። ልጄ አንድም ፊደል አታውቅም ነበር።

ሰኞ ሥራ ቀርቼ እዚያው መስኮት ሄድኩ። ሰሌዳው ላይ ያው ጽሑፍ ነው፤ አቧራ ለብሷል። ልጆቹ ይገለብጣሉ። ዘበኛውን መምህሩ የት ነው አልኩት።

“ዘመቻ ሄዱኮ። ትምህርት በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት።”

“ሌላስ?”

“ተጠይቋል። እስኪመጣ ልጆቹ ሥራ እንዳይፈቱ፣ ጽሑፋቸውም ስለሚያምር፣ አታጥፉት ተብሏል።”

ቀኑን ቆጠርኩ። እኔ መስኮቱ ላይ ቆሜ ስፈዝ ሰውየው ሄዷል። የሄደ ሰው ሰሌዳ አንብቤ ነው ቤቴን ያፈረስኩት። በዚያ ላይ የሚያጠፋውን፣ የሚያስተምረውን፣ ሰድቤ።

ማታ ለሚስቴ ነገርኳት፤ እንዲህ ብዬህ አልነበረም አላለችም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

“ነገ በሰርቪስ ይዘሃት ሂድ” አለች።

“የካምፑ ክፍል ተይዟል፤ ተለምኖም አይገኝም።”

“ክፍሉን ማን አለህ? ልጅቷን።”

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ልጄን አቅፌ መኪናው ላይ ሰቀልኳት። ሾፌሩ ወርዶ ባትሪ አበራብን።

“ይቺ ደግሞ በየትኛው ክፍል ተቀጠረች?”

“በአንደኛ ክፍል” አልኩት።

ሠራተኛው ሳቀ፤ ሾፌሩም ስቆ ገባ። አንዱ ሽርጡን አውልቆ አለበሳት። እስክንደርስ ክንዴ ላይ ተኛች።

የካምፑ መምህር ደጃፉ ላይ ጠመኔ ይሰብር ነበር። አየኝ፣ አወቀኝ።

“ምን ታውቃለች?” አለኝ።

“ምንም።”

“ሁለት ወር ምን ሲያስተምሯት ነበር?”

“አስተማሪ የለም። ታስገባታለህ ወይስ አታስገባም?”

ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። አፌ እንዲህ ነው፤ አልወጣልህ አለኝ። እሱ ግን እሷን ነበር የሚያየው፤ ሽርጡ መሬት ይጎትታል፣ ጉንጯ ላይ የእጅጌዬ ስፌት ታትሟል።

“ጋሼ፣ በየቀኑ ከአዋሽ? ይቺ ልጅ ክፍል ውስጥ እኮ ትተኛለች።”

“ትተኛ። ስትነቃ አስተምራት።”

እጇን ያዘና አስገባት።

ያን ዓመት እንደዚያው ተመላለስን። እኔ መኪናው ላይ መተኛት ተውኩ፤ እንዳትወድቅ ይዣት እቀመጣለሁ፣ ፀሐይ ከአላይደጌ ስትወጣ ብርሃኑ ፊቷ ላይ ሲያርፍ አያለሁ። ብዙ አባት የልጁን ፊት እንደዚያ አይቶ አያውቅም። በሌላ በኩል ደግሞ ልጅቷ ይደክማታል፣ ትከሳለች፤ ወባም ያዛት፣ ዳነች፣ አልሐምዱሊላህ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ የከፈለችው እሷ ናት።

ሚያዝያ ላይ አንድ የቦይ ባልደረባዬ መኪናው ላይ ከደሴ የመጣለትን ደብዳቤ አወጣ። አብረን ነበር የተማርነው፤ እሱ ግን ረስቶታል። ለኔ ሲዘረጋ እኔ ለልጄ ሰጠኋት። መኪናው ይንገጫገጫል። ጣቷን ከፊደሉ ሥር አድርጋ በሞተሩ ድምፅ ላይ እየጮኸች ማንበብ ጀመረች። “እንደምን ከርመሃል” አለች። “ላሟ ወልዳለች” አለች። ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል። ከዚያ ጣቷ አንድ ቃል ላይ ቆመ። ጣራ አላየችም፣ ሰማይም አላየችም፤ ቃሉን ነው የምታየው። ረጅም ጊዜ አየችው።

“አባዬ፣ ይህን አላወቅኩትም” አለችኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁት። እኔም አላወቅኩትም። ጣቴን ከጣቷ አጠገብ አስቀመጥኩና ከመጀመሪያው ፊደል ጀመርን።